ብርሃንን በካሚዮን የጫኑ ሰዎች

የዛሬው ትምህርታዊ ንግግራችን በአንድ ሙያ ላይ ያተኮረ ነው፤ ይኸውም የሮክ ሙዚቃ ቡድኖች ከከተማ ወደ ከተማ መዘዋወር በጀመሩበት ዘመን፥ መድረካቸውን በብርሃን የሚያደራጅላቸው ባለሙያ እንዴት እንደ ተገኘ፥ ምን ይሠራ እንደ ነበረ፥ ከሥራውም በሐይቅና በአምባሰል፥ በደሴና በአካባቢዋ ያለው ኪነት ወዳድ ወጣት ምን ሊቀስም እንደሚችል የሚያስረዳ ነው። ዓመተ ምሕረት ብዬ የምጠራው ዘመን በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፥ የቀረውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ።

ነሐሴ 9 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፥ ቤቴል በተባለች የገጠር መንደር፥ በአንድ የወተት ከብት አርቢ የግጦሽ መሬት ላይ፥ በኋላ ዉድስቶክ ተብሎ በዓለም የታወቀው የሙዚቃ ጉባኤ በተከፈተ ጊዜ፥ የመድረኩን ብርሃን እንዲያደራጅ የተቀጠረው ኤድዋርድ ሞንክ፥ በቅጽል ስሙ ቺፕ ሞንክ፥ ገና የ30 ዓመት ጎልማሳ ነበር። መብራቶቹ ተጭነው መጥተዋል፤ ሙያተኛውም በቦታው ነበረ፤ ነገር ግን የመድረኩ ጣራ በጊዜው ስላልተፈጸመና የታሰበለትን ክብደት ሊሸከም ስላልቻለ፥ ከመብራቶቹ አብዛኞቹ ሳይሰቀሉ ከመድረኩ ሥር ተቀምጠው ቀሩ፤ ሌሊቶቹም ያለፉት ዘፋኙን ከሩቅ እየተከተሉ በሚያበሩ ብርቱ መብራቶች ነበር። ሞንክም ሥራው በዚህ አኳኋን ቢጎድልበት፥ የመድረክ አስተዋዋቂ ደግሞ ስላልተዘጋጀ፥ የድምፅ ማጉያውን ይዞ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚናገረው እርሱ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መብራቱን ሳይሆን ድምፁን ነው።

እኔ ግን ከዚያ ጉባኤ ታሪክ ሁሉ ይልቅ ትምህርት ሆኖ የማገኘው ያን ሳይሰቀል የቀረ መብራት ነው፤ ምክንያቱም ብርሃን በዓይን ሲታይ ክብደት የሌለው ረቂቅ ፍጥረት ቢመስልም፥ ከከተማ ወደ ከተማ ሊወሰድ በታሰበ ጊዜ ግን የሚጫን፥ የሚራገፍ፥ የሚሰቀል፥ ኃይል የሚበላና ትከሻ የሚያጎብጥ ግዙፍ ነገር መሆኑን፥ የዚህም ሙያ መሠረቱ ከዚሁ እውነት የወጣ መሆኑን ያሳየናልና ነው። በዚያው ነሐሴ 12 ቀን ረፋድ ላይ፥ ጉባኤው ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲበተን፥ በእኛ ሀገር ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ተቃርባ ነበር፤ ዕለቱም የደብረ ታቦር ዋዜማ ስለ ነበረ፥ የቡሄ ልጆች ችቧቸውን የሚያበሩበት ሰዓት ነበረ። ችቦ በአንድ እጅ ይያዛል፤ የሚያበራውም የያዘውን ልጅና በአጠገቡ የቆሙትን ነው። ከኋላ ላለው ለአሥር ሺው ሰው የሚያበራ ግን ሌላ ጥበብ ይሻል።

የዚህ ጥበብ ፊደል ገበታ የተቀረጸው በቴአትር ቤት ነው። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ስታንሊ ማካንድለስ፥ በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ፥ መድረክን በየክፍሉ ከፋፍሎ፥ እያንዳንዱን ክፍል ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ በሚወርዱ ሁለት መብራቶች፥ አንዱን ሞቅ ባለ፥ ሌላውን ቀዝቀዝ ባለ ኅብረ ቀለም ማብራትን በሥርዓት አስተማረ፤ በዘመኑ የነበረችው ጂን ሮዘንታል ደግሞ በማርታ ግራሃም የጭፈራ ቡድን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስትሠራ፥ ብርሃን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎን ሲመጣ የጨፋሪውን አካል እንደ ተቀረጸ ሐውልት አጉልቶ እንደሚያወጣ በተግባር አስመሰከረች። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥበብ የተፈጠረው ለማይንቀሳቀስ ቤት ነበር። በአዲስ አበባ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብንመለከት፥ መብራቱ ከሕንፃው ጋር የተሰናዳ፥ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ያለፈ፥ ሠራተኛውም ማታ ቤቱ ሄዶ የሚያድር ነው። የሮክ ሙዚቃ ቡድን ግን ዛሬ በበረዶ ሸርተቴ አዳራሽ፥ ነገ በኳስ ሜዳ፥ ከነገ ወዲያ በከብት ኤግዚቢሽን ድንኳን ውስጥ ይጫወታል፤ በደረሰበትም ሁሉ የሚያገኘው ባዶ ጣራና የማይታወቅ የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

በመጀመሪያ ላይ ይህን ችግር የተወጡት ብርሃኑን ከመድረኩ በስተኋላ ባለ ሸራ ላይ በመሣል ነበር። በኒው ዮርክ ከመጋቢት 1968 እስከ ሰኔ 1971 በቆየው ፊልሞር ኢስት በተባለው አዳራሽ፥ ጆሹዋ ዋይት የሚመራው ቡድን ቀለም የተቀላቀለበትን ዘይትና ውሃ በሰዓት መስተዋት መሳይ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ አድርጎ፥ በትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ላይ እያወዛወዘ፥ የሙዚቃውን ስልት ተከትሎ የሚያብጥና የሚሟሟ ኅብር በትልቁ ሸራ ላይ ያሳይ ነበር። ዓይንን የሚማርክ ሥራ እንደ ነበረ ጥርጥር የለውም። ሆኖም ሸራውን እንጂ ሰውየውን አያበራም፤ ዘፋኙ ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ የቡድኖቹ ዝና እየገነነ፥ አዳራሹም እየሰፋ በሄደ መጠን፥ ሕዝቡ ሊያይ የሚፈልገው የዘፋኙን ፊት ስለሆነ፥ ይህ የዘይትና የውሃ ጥበብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦታውን ለቀቀ።

መንገዱን የከፈቱት ሦስት መሣሪያዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፓር 64 የሚባለው አምፖል ነው፤ 64 የተባለበትም ምክንያት የአፉ ስፋት በስምንተኛ ኢንች ሲለካ 64 ስለሚሆን፥ ማለት 8 ኢንች ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ነው። ይህ አምፖል እንደ መኪና የፊት መብራት ሁሉ ብርሃን መላሹ መስተዋትም፥ ክሩም፥ የፊት መስታወቱም አንድ ላይ የታሸገ ሲሆን፥ ከቀላል ቆርቆሮ በተሠራ ጣሳ መሳይ ቤት ውስጥ ይገባል፤ እንደ ቴአትር ቤቱ መብራት ተለይቶ የሚሰበር ሌንስ የለውም፤ ርካሽ ነው፤ ከካሚዮን ላይ ቢንገጫገጭም ይችላል፤ ብርሃኑም እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ስለሚወጣ፥ ሠራተኛው አምፖሉን በቤቱ ውስጥ በማዞር ብቻ ሞላላውን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ያቀናዋል። ሁለተኛው፥ እንደ መሰላል ጎንና ጎኑ እየተያያዘ የተበየደ፥ ቁርጥራጩ በብሎን የሚገጣጠም ረጅም የብረት ወይም የአሉሚኒየም ማንጠልጠያ ነው፤ መብራቶቹ በመሬት ላይ ሳሉ ከእርሱ ጋር ታስረው፥ ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድነት ወደ ላይ ይሳባል። ሦስተኛው በ1960ዎቹ የተስፋፋው የኤሌክትሮኒክ ዲመር ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ብርሃን መቀነሻ በከባድ የሽቦ ጥቅል ኃይሉን ወደ ሙቀት እየለወጠ የሚያባክን፥ አንዱን እንኳ ለማንሳት ጉልበት የሚፈጅ ነበር፤ አዲሱ ግን በትንሽ ሣጥን ውስጥ ብዙ መስመር ይዞ፥ ከሩቅ ባለ ቀጭን ሽቦ የሚታዘዝ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ብንሠራ አይከፋም፤ ምክንያቱም ይህን ሙያ የሚሻ ወጣት ከቀለም አስቀድሞ ሒሳቡን ማወቅ አለበት። አንድ ፓር 64 አምፖል 1,000 ዋት ይወስዳል። በእኛ ሀገር ባለው በ220 ቮልት መስመር ላይ ሲገጠም 4.5 አምፔር ያህል ይስባል ማለት ነው። አንድ መካከለኛ ቡድን 100 አምፖል ቢይዝ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲበሩ 100,000 ዋት፥ ማለት በየቤታችን እንጠቀምበት ከነበረው ከባለ 100 ዋቱ አምፖል 1,000 የሚያህለውን ኃይል ይበላሉ፤ አምፔሩም ከ450 ይበልጣል፤ ይህንንም ፌዝ በሚባሉት በሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ እኩል ሳያከፋፍሉ በአንዱ ላይ መጫን ሽቦ ማቅለጥ፥ አዳራሽም ማቃጠል ነው። ቀለሙም ቢሆን ያለ ዋጋ አይገኝም። በመብራቱ ፊት የሚደረገው ባለቀለም ስስ ላስቲክ ብርሃኑን አይቀባውም፤ የማይፈልገውን ቀለም ይውጠዋል እንጂ፤ ስለዚህ ጥቁር ሰማያዊው ላስቲክ ከሚገባበት ብርሃን ከ100 እጁ 10 እጁን እንኳ አያሳልፍም፤ ሌሊትን የመሰለ መድረክ ለማግኘት የፈለገ ባለሙያ ከቀዩና ከቢጫው ይልቅ ለሰማያዊው ብዙ አምፖል መመደብ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

የባለሙያው ዕለታዊ ኑሮ እንዲህ ነበር። ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲጓዝ አድሮ በማለዳ ካሚዮኖቹ ከአዳራሹ በር ሲደርሱ፥ እርሱ አስቀድሞ ወርዶ ጣራውን በዓይኑ ይመዝናል፤ ከአዳራሹ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ተነጋግሮ ኃይል የሚወስድበትን ቦታ ያያል፤ በየከተማው ለአንድ ቀን የሚቀጠሩትን፥ ከዚህ በፊት ያላያቸውን ሰዎች በየሥራው ይመድባል። መብራቱ እስከ ቀትር ከተሰቀለ በኋላ፥ ከሰዓት ባለሙያው መሰላል ላይ ወጥቶ እያንዳንዱን መብራት በእጁ እያቀና፥ ከበሮው፥ ጊታሩና ዘፋኙ በሚቆሙበት ስፍራ ላይ ያነጣጥራል። ማታ ደግሞ ንድፉን ያወጣው እርሱ ራሱ መቆጣጠሪያው ላይ ተቀምጦ፥ በጆሮ ማዳመጫው ለተከታይ መብራት ሠራተኞች ትእዛዝ ይሰጣል፤ እነዚያ ሠራተኞች ሙዚቃውን የማያውቁ የዚያ ከተማ ሰዎች ስለሆኑ፥ ማንን እንደሚይዙ፥ በምን ቀለም እንደሚያበሩ፥ መቼ እንደሚያጠፉ ከጥቂት ሴኮንድ አስቀድሞ በአጭር ቃል ሊነግራቸው ይገባል። የዚያ ዘመን ተከታይ መብራትም በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚዘል የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሠራ ነበርና፥ ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ በየጊዜው መቀራረብና መለወጥ ነበረባቸው፤ ሠራተኛው አንድ ዓይኑን በዘፋኙ፥ አንድ ዓይኑን በዘንጉ ላይ አድርጎ ያመሻል። ጨዋታው ሲያልቅ፥ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲሄድ፥ የተሰቀለው ሁሉ ወርዶ፥ ገመዱ ተጠቅልሎ፥ ሣጥኑ ተቆልፎ እንደ ገና ይጫናል።

ይህን ሥራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በዚያን ጊዜ አልነበረም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንበር ዘርግተው፥ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በተቀበሉ ጊዜ እንደ ነበረው፥ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ጋር እየኖረ፥ እያገለገለ፥ ዕለት ዕለት እያየ መማሩ በሀገራችን የታወቀ ሥርዓት ነው፤ የመብራቱም ሙያ በመጀመሪያው ትውልድ የተላለፈው በዚሁ ዓይነት ነበር። ሞንክ ራሱ በ1959 ገደማ በኒው ዮርክ ቪሌጅ ጌት በተባለ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ መብራት በማብራት ጀምሮ፥ ወደ ኒውፖርትና በ1967 ወደ ሞንተሬይ የሙዚቃ ጉባኤዎች፥ ከዚያም ወደ ዉድስቶክ ደረሰ። በ1972 ሮሊንግ ስቶንስ ከተባለው ቡድን ጋር በአሜሪካ ሲዞር፥ ከዉድስቶክ ጣራ የተማረ በሚመስል ብልሃት፥ ከመድረኩ ፊት ከፍ አድርጎ ትልቅ መስተዋት ሰቀለ፤ ከባዶቹን መብራቶች ግን በመድረኩ በስተኋላ ዝቅ ብለው እንዲቀመጡ አድርጎ ወደ መስተዋቱ አቀናቸው፤ ብርሃኑም ወደ ላይ ወጥቶ፥ ከመስተዋቱ ተመልሶ በዘፋኞቹ ላይ ይወርድ ነበር። እኔ ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ክብደቱን በምድር አስቀርቶ ብርሃኑን ብቻ ከፍ ማድረግ፥ ችግሩን ራሱን ወደ ጥበብ መለወጥ ነውና። በፊልሞር ኢስት፥ ከሞንክም ጋር በዉድስቶክ የሠራው አርተር ማክስ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒንክ ፍሎይድ የተባለውን ቡድን መድረክ በብርሃን ካደራጀ በኋላ ወደ ሲኒማ ተሻግሮ፥ ግላዲያተርን ለመሳሰሉ ፊልሞች የትዕይንት ንድፍ አውጪ ለመሆን በቅቷል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ሀገር አዝማሪዎች የቀረበች ሆና የማገኛት ግን ካንዴስ ብራይትማን ናት። ከ1972 ጀምሮ እስከ 1995 ድረስ ግሬትፉል ዴድ ለተባለው ቡድን ያበራች ይህች ሴት የገጠማት ፈተና፥ ቡድኑ በየምሽቱ የሚጫወተውን አስቀድሞ የማይወስን፥ አንዱን ዜማ ወደ ሌላው እያሻገረ እንደ ልቡ የሚፈስ መሆኑ ነበር። ስለዚህም በዚህ ደቂቃ ቀይ፥ በዚህ ደቂቃ ሰማያዊ ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ ሊረዳት አይችልም፤ ሙዚቃውን በጆሮዋ እያዳመጠች፥ ወዴት ሊታጠፍ እንደሆነ ቀድማ እየተረዳች ማብራት ነበረባት። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከተሰብሳቢው ግጥም እየተቀበለ ሲያዜም ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በወሎ ምድር ተወልዶ አምባሰልን ከባቲ፥ ትዝታን ከአንቺ ሆዬ ቅኝት በጆሮው የሚለይ ወጣት፥ ለዚህ ሙያ ከሚያስፈልገው ግማሹን ያለ አስተማሪ ይዟል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

የዉድስቶክ ጉባኤ በተደረገበት በዚያው በ1969 ዓመት፥ ሃሊም ኤል ዳብህ በ1963 በአዲስ አበባ የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፥ በተስፋዬ ለማ እየተመራ፥ ማሲንቆ በሚጫወተው በአሜሪካው የሰላም ጓድ አባል በቻርለስ ሳተን አስተባባሪነት፥ ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካን ዞሮ፥ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ እስከ መታየት ደርሷል። ክራር፥ ማሲንቆና ዋሽንት ይዞ በባዕድ አዳራሽ መድረክ ላይ የሚወጣ ቡድን ከሮክ ቡድን የተለየ ብርሃን ይሻል። ሮክ በብልጭታና በጨለማ መፈራረቅ ይደምቃል፤ በእኛ ጨዋታ ግን መታየት ያለበት የጣቱ፥ የትከሻውና የአንገቱ ነገር ነው። እስክስታን ከፊት ብቻ የሚመጣ ብርሃን ይገድለዋል፤ ትከሻው ሲነሣና ሲወድቅ የሚፈጠረውን ጥላ ያጠፋዋልና፤ ሮዘንታል ለማርታ ግራሃም እንዳደረገችው ከግራና ከቀኝ በትከሻ ልክ ሲበራ ግን እያንዳንዱ ንቅናቄ ጠርዝና ጥላ አግኝቶ ከአዳራሹ መጨረሻ ይታያል። የሀበሻ ልብስ ነጭ መሆኑም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ነጭ ሸማ ብርሃኑን አብዝቶ ስለሚመልስ፥ የለባሹ ጠይም ፊት በአጠገቡ ጨልሞ ይታያልና፥ ከፊት የሚመጣውን ብርሃን ቀነስ አድርጎ፥ ሞቅ ያለ የማር ቀለም ያለው መብራት ወደ ለባሹ ፊት ማቅናት፥ ሸማውን ግን በጎን ብርሃን መተው ይሻላል።

ስለ ሮክ መድረክ ሲነገር ወሎን የሚነካ አንድ ታላቅ ቀን አለና ሳልጠቅሰው አላልፍም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፥ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም፥ መሐመድ አሚን ያነሣው ፊልም ከማይክል ቡርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ቀርቦ፥ የወገኖቻችንን ረሃብ ዓለም ካየ በኋላ፥ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሌይና በአሜሪካ ፊላደልፊያ ስታዲየሞች ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የእርዳታ ትርኢት ተደረገ። የለንደኑ የተጀመረው በእኩለ ቀን ሲሆን፥ በዚያ ወራት ፀሐይ በለንደን የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፥ ከተጫወቱት ብዙዎቹ፥ በግዙፍ መብራቱ የታወቀው ክዊን የተባለው ቡድን ጭምር፥ በፀሐይ ብርሃን ነበር የተጫወቱት። ክዊን ያን ዕለት 20 ደቂቃ ያህል ብቻ፥ ያለ ጭለማና ያለ ኅብረ ቀለም፥ በድምፅና በሰውነት ብቻ ሕዝቡን ይዞ ነበር። የመብራት ባለሙያ ይህን ፊልም ደጋግሞ ሊያየው ይገባል እላለሁ፤ ብርሃን ለጨዋታው የሚጨምረው ምን እንደሆነ በቅጡ የሚታወቀው እርሱ በሌለበት ነውና።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በመስከረም 1981፥ ጀነሲስ የተባለው ቡድን በባርሴሎና ኮርማ በሚታገሉበት አደባባይ ሲጫወት፥ የዳላሱ ሾውኮ ኩባንያ የሠራው፥ ቫሪ ላይት የተባለው ተንቀሳቃሽ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ በጉዞ ላይ ዋለ። መሐንዲሶቹ በመጀመሪያ የፈለጉት ቀለሙን በራሱ የሚለውጥ መብራት ነበር፤ ኋላ ግን ሁለት ሞተር ቢጨመርበት መብራቱ ራሱ ወደ ፈለገበት ሊዞር እንደሚችል ተገነዘቡ፤ አንድ ተንቀሳቃሽ መብራትም የብዙ ቋሚ አምፖሎችን ሥራ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ደግሞ በኤል ኢ ዲ የሚሠራው ፓር፥ በኤሌክትሪክ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦችን እያደባለቀ ያለ ላስቲክ ቀለም የሚሰጥ፥ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዋት የማይበልጥ ኃይል የሚወስድ ስለሆነ፥ የደሴ አንድ የባህል ቡድን በጥንቱ ዘመን ካሚዮን የሚሞላውን መብራት በሚኒባስ ጭኖ፥ ከአንድ መካከለኛ ጄኔሬተር እያበራ፥ ወደ ሐይቅ፥ ወደ ውጫሌ፥ ወደ መርሳ ሊሄድ ይችላል።

ይህን ለመጀመር ለሚያስብ ወጣት የምመክረው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አራት መብራት ይያዝ፤ ሁለቱን ከጎን፥ አንዱን ከፊት፥ አንዱን ከኋላ ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ፤ ጓደኛውንም በመካከል አቁሞ፥ አንዱን እያበራ ሌላውን እያጠፋ፥ ፊቱና ትከሻው በእያንዳንዱ እንዴት እንደሚለወጥ በደብተር ይጻፍ። ጄኔሬተሩ ምን ያህል ዋት እንደሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከዚያም ከሦስት እጁ ሁለት እጁን ብቻ ይጠቀም። ከሰው ራስ በላይ የሚሰቀለውን መብራት ሁሉ በብሎኑ ብቻ አምኖ አይተወው፤ ከብሎኑ ሌላ በብረት ገመድ ከማንጠልጠያው ጋር ይሰረው፤ ሕዝቡም ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ገመድ በእጁ እየሳበ ይፈትነው።